መቶ ቃል ውስጥ ታሪክ ሲገባ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ 50፣ 100 ወይም 300 ቃል ብቻ በሚፈቅድ የልብወለድ ውድድር ላይ የታሪክ ክንውን እንዴት ይነሣ? ተመሳሳዮቹን አዋሕደን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ለ100 ቃል ውድድር ስለ አድዋ እየጻፍኩ ነው። ዘመኑን ሳላስረዳ ገፀ ባሕርዬን ማስገባት አቃተኝ፤ ማስረዳቱ ደግሞ ቃሌን በላብኝ። ለዳራው ስንት ቃል ልመድብ?

ለዳራ ብለው ምንም አይመድቡ። ዳራው ለብቻው የቆመበት እጅግ አጭር ልብወለድ ሁልጊዜ ሁለት ጽሑፍ ይሆናል፤ መጀመሪያ የታሪክ ትምህርት፣ ቀጥሎ የተጣደፈ ልብወለድ። የላኩልን ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦

«በ1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ለመያዝ በመጣ ጊዜ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ አወጁ። ከየአቅጣጫው የተሰበሰበው ሠራዊት ወደ ሰሜን ዘመተ።»

ሃያ ቃል ነው፤ ከተፈቀደልዎ አንድ አምስተኛው ሄደ። በነዚህ ሃያ ቃላት ውስጥ አንባቢው አስቀድሞ የማያውቀው ነገር የለም፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ሰውም የለም። አሁን ከዚህኛው ጋር ያስተያዩት፦

«ነጋሪቱ በተጎሰመ ማግስት እናቱ በቅሎዋን ፈትታ ለቀቀቻት። ልጁ ግን በእግሩ ሄደ።»

አሥራ አንድ ቃል። ነጋሪቱ አዋጁን ተናገረ። በቅሎዋ ዘመኑንም የመንገዱን ርቀትም ያዘች። መፍታቷ የእናትየዋን ፍርሃት፣ «በእግሩ ሄደ» ደግሞ የልጁን ልብ አሳየ። ንጉሥም፣ ጠላትም፣ ዓመተ ምሕረትም አልተጠራም። «አድዋ» የምትለዋን ቃል በርዕሱ ወይም ከመሐል አንድ ጊዜ ብቻ ካስቀመጡ የቀረውን አንባቢው ከራሱ ያመጣዋል። ታሪክን በአጭር ጽሑፍ የመጥቀስ ጥቅሙ ሁሉ ይኸው ነው፤ አንባቢው ጭንቅላት ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠውን ነገር በአንድ ቃል መቀስቀስ።

ሥራው በተግባር እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳይቆጥቡ እስከ 200 ቃል ይጻፉ። ከዚያ ከታሪክ መጽሐፍ ሊገኝ የሚችለውን እያንዳንዱን ቃል ያስምሩበት፤ ስም፣ ዓመት፣ ማዕረግ፣ ቦታ፣ የጦርነቱ ምክንያት። የተሰመረበትን ሁሉ እየነኩ «ይህ ቢወጣ ገፀ ባሕርዬ የሚያደርገው ነገር ይለወጣል?» ብለው ይጠይቁ። የማይለውጠው ይውጣ። በ100 ቃል ጽሑፍ ላይ ከዚህ ወንፊት የሚተርፈው ከ10 እስከ 15 ቃል ከሆነ ጤናማ ነው እንላለን። ከ25 ካለፈ ጽሑፉ ገና ትምህርት ነው።

በተቃራኒው ጫፍም አደጋ አለ። ሁሉን አራግፈው «ጦርነቱ»፣ «ንጉሡ»፣ «ተራራው» ብቻ ሲቀሩ ታሪኩ የማንም ጦርነት ይሆናል። ቢያንስ አንድ ችካል ይተክሉ፤ ከዚያ ክንውን በቀር ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ ዕቃ፣ አንድ ቀን ወይም አንድ የቦታ ስም።

ጥያቄ፦ ዳኞቹ ክንውኑን ባያውቁትስ? የግርጌ ማስታወሻ ላስገባ?

አያስገቡ። ማስታወሻው ከቃል ብዛቱ ይቆጠርብዎታል፤ ባይቆጠር እንኳ ዳኛው ታሪኩን ትቶ ወደ ታች እንዲያይ ያደርገዋል። መፍትሔው ጽሑፉን በሁለት ድርብ መሥራት ነው። ላይኛው ድርብ ክንውኑን ለማያውቅ ሰው የተሟላ ታሪክ ይሁን፤ ሥረኛው ለሚያውቀው ይበልጥ ይክፈት።

አንድ ምሳሌ እንመርምር። አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ውድድሩ አመሻሹ ላይ ተጀምሮ ሲያልቅ ጨልሞ ነበር፤ በመንገዱ ዳር ችቦ የያዙ ወታደሮች ቆመው ነበር። ከመጨረሻው መስመር ብዙም ሳይርቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ያኔ ቆሞ ነበር።

አሁን ስሙን ይሸፍኑት። አንድ ባዶ እግሩን ያለ ሰው በባዕድ ከተማ፣ በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን ይሮጣል፤ ከአገሩ የተወሰደ ድንጋይ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ይጨምራል። ስለ ኦሊምፒክ ምንም የማያውቅ ሰው ይህን አንብቦ ይገባዋል፣ ይሰማዋልም። የሚያውቀው አንባቢ «ሮም» የምትለዋን ቃል ሲያይ ወረራውን፣ ሐውልቱን፣ ድሉን በአንድ ጊዜ ያያይዛል። ፈተናው እንግዲህ ይህ ነው፤ ስሙን ሸፍነው ለአንድ ክንውኑን ለማያውቅ ሰው ያንብቡለት፣ ከዚያ «ማን ምን ፈለገ? ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። ከመለሰ ጽሑፉ ቆሟል። «ስለ ምንድን ነው?» ብሎ መልሶ ከጠየቀዎት ታሪኩ የተንጠለጠለው በስሙ ላይ ብቻ ነው።

ከዚሁ ምሳሌ ሳንወጣ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ቢለውጡት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ይሆናል። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ማለት ነው። ሰውየው የሮጠው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። እንዲህ ያለውን ስጦታ ማንም አይፈጥረውም፤ ቀን መቁጠሪያ የሚገልጥ ጸሐፊ ብቻ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር ልጻፍ? የውድድሩ ዳኞች ከተለያየ አገር ናቸው።

ገፀ ባሕርይዎ በሚቆጥርበት። በአማርኛ የሚያስብ ሰው «ፌብሩዋሪ 19» አይልም፤ «የካቲት 12» ይላል። ጽሑፉ የሚተረጎም ከሆነ አቆጣጠሩን የማስማማቱ ሥራ የተርጓሚው ነው።

ሲያመሳስሉ ግን ይጠንቀቁ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 በኋላ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ዓመት። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን የ1900 ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. 1900 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሠግር (ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሚሆንበት) ዓመት አልነበረም፣ በእኛ አቆጣጠር ግን እንዲህ ያለ ዝላይ የለም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊትና በኋላ በሁለቱ መካከል የአንድ ቀን ልዩነት አለ። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲደረግ በፈረንጆቹ ማርች 1 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ላይ ነው። የዛሬን ቀን መቁጠሪያ ይዘው ወደ ኋላ የሚቆጥሩ ሰዎች በአንድ ቀን የሚስቱት ለዚህ ነው። ዕለቱም ይታያል፤ የአድዋው ቀን እሑድ ነበር፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ደግሞ ዓርብ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሰው ጨረቃን የረገጠበት ቅጽበት በአሜሪካ የጁላይ 20 ቀን 1969 ምሽት ነበር። በአዲስ አበባ ግን ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11፡56 ነው። ገፀ ባሕርይዎ «በዚያ ምሽት» ጨረቃን ሽቅብ እያየች ከሆነ፣ የምታይበት አገር የት እንደሆነ ደግመው ያስቡ።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ቃል ስንቆጥር ምን እንደ አንድ ይቆጠራል?

ደንቡ ካልገለጸ በባዶ ቦታ የተለየው ሁሉ አንድ ነው። «አልመጣችለትም» አንድ ቃል ነው፤ ይህ የቋንቋችን ጸጋ ነውና ይጠቀሙበት። ቀን ግን ውድ ነው፤ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» አምስት ቃል ይበላል፣ «ዓ. ም.» ብለው ለይተው ከጻፉት ስድስት። ዓመቱ ለታሪኩ ካላስፈለገ «የካቲት 23» ብቻ ይበቃል። ሌላው፣ በቃላት መካከል ያለ ባዶ ቦታ «፡» እያደረጉ የሚጽፉ ከሆነ የኮምፒዩተሩ ቆጣሪ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ሊወስደው ይችላል። 100 የመሰለዎት ጽሑፍ በዳኛው እጅ 140 ሆኖ ይወድቃል። አንድ ጊዜ በእጅዎ ይቁጠሩ። ርዕሱ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውንም ከደንቡ ላይ ያጣሩ፤ ካልተጻፈ ይቆጠራል ብለው ይነሡ።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ «ያ ሕፃን አድጎ አፄ ቴዎድሮስ ሆነ» ብዬ ገለጥኩት። ጓደኞቼ ወደዱት፤ ውድድሩ ግን አልተቀበለውም። ለምን?

ይህ በታሪካዊ እጅግ አጭር ልብወለድ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተለመደ አጨራረስ ስለሆነ ነው። ዳኛ በአንድ ውድድር ብዙ ሕፃናት ታላላቅ ሰዎች ሲሆኑ ያያል። ሌላ ጥልቅ ችግርም አለበት፤ ስሙ እስኪገለጥ ድረስ ያለው 95 ቃል ክብደቱን የሚያገኘው ከስሙ ብቻ ነው። ስሙን ቢያወጡት የቀረው ተራ የልጅ ቀን ይሆናል።

ይህን ያድርጉ፤ ስሙን ከመጨረሻው አንሥተው ወደ ርዕሱ ያምጡት። «ካሣ፣ የሰባት ዓመት ልጅ»። አንባቢው አሁን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ መቅደላን ያውቃል፣ ሽጉጡን ያውቃል። ስለዚህ ልጁ ለአንድ ትንሽ ነገር «አልሰጥም» ሲል፣ ወይም በጨዋታ እጁን ሊሰጥ እምቢ ሲል፣ አንባቢው ልጁ የማያውቀውን እያወቀ ያነባል። መጨረሻው ላይ የሚያስፈልገው አንድ ድርጊት ብቻ ነው፣ ማስታወቂያ አይደለም።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ሰውን ማናገር ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፤ ግን በ100 ቃል ውስጥ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የታወቀ ሰው ሲናገር አንባቢው «እንዲህ ብሎ ነበር እንዴ?» እያለ ከታሪኩ ይወጣል። በእውነት የተባለ የሚመስል ጥቅስ ከፈጠሩ ደግሞ ነገ በየቦታው እንደ እውነት ሊዞር ይችላል፤ ይህ ኃላፊነት ነው። እኛ የምንመክረው ካሜራውን ጎን ማቆም ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፤ ከኋላ ለመቀመጥ የፊተኛው ወንበር ወደ ፊት መታጠፍ አለበት። ያን ወንበር ያጠፈ አንድ ወጣት ወታደር ይፍጠሩ። እጁ የት ነበር? አጎነበሰ? ንጉሡ አንድ ቃል ሳይናገሩ የአንድ ዘመን ማብቃት በአንድ የመኪና ወንበር ይታያል። መቅደላንም ሲጽፉ እንዲሁ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በተራራው ላይ ስለነበሩት ንጉሥ ብዙ ተጽፏል። የእንግሊዝን መድፍ ሊሸከሙ ከሕንድ የመጡትን ዝሆኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ ግን ገና ብዙ የሚነግረን አለው።

ጥያቄ፦ ዳኛ «ዘመኑን የሳተ ዝርዝር አለበት» ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ ያለውን ስሕተት አስቀድሜ እንዴት ልያዝ?

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉም ያጣራል። የሚያመልጠው ጸሐፊው ሳያስበው እንደ አየር የሚጠቀምበት ነገር ነው፤ ሽታ፣ ዛፍ፣ ወጥ፣ ገንዘብ።

የላኩልን ጽሑፍ በቴዎድሮስ ዘመን ቢሆንም የባሕር ዛፍ ሽታ አለበት። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ መቅደላ ከወደቀ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንዲሁ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ቀይ ወጥ በበርበሬ የሚሠሩ ጽሑፎች ይመጡልናል። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲም ሁሉም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ከዚያ ውጭ ማንም አልቀመሳቸውም። የጥንት ሮማዊ ቲማቲም ሲቆርጥ የምናነብበት ጊዜም አለ። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ወደ አድዋ የሚዘምት ሰው የባቡር ፉጨት አይሰማም።

ከሁሉ ተንኮለኛው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። በላዩ ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት የሞተችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሲታተም ዓመቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ገፀ ባሕርይዎ ብሩ ላይ 1780ን አይቶ «የአያቴ አባት ዘመን ነው» ቢል፣ ሰውየው ሊሳሳት ይችላል፣ ጸሐፊው ግን መሳሳት የለበትም። አውቀው ከተጠቀሙበት ደግሞ ይህ ራሱ ግሩም የታሪክ ሐሳብ ነው፤ ሁሉም ዘመን አንድ ዓመት የተጻፈበትን ገንዘብ ሲቀባበል።

ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ፣ ማለትም ዕቃውን፣ ተክሉን፣ ምግቡን፣ መጓጓዣውን፣ ማዕረጉን፣ በወረቀት ላይ ለብቻ ያውጡ። በ100 ቃል ውስጥ ከ20 አይበልጡም። ከእያንዳንዱ አጠገብ «መቼ ገባ?» ብለው ይጻፉ። ያላወቁትን ፈልገው ያግኙ፤ ካላገኙት በሚያውቁት ይተኩት። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሳያስፈልግ ዝርዝር አለመጨመርም ራሱ መከላከያ ነው። ፖምፔ በእሳተ ገሞራ የጠፋችው እ.ኤ.አ. በ79 ነው፤ ለዘመናት ቀኑ ኦገስት 24 ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው የተገኘ በከሰል የተጻፈ ጽሑፍ የኦክቶበር ቀን ስላለበት ነገሩ ወደ መጸው ተገፍቷል። ወሩን ሳይጠሩ «አመዱ ሲወርድ» ብለው የጻፉ ሰዎች ጽሑፋቸው አልተነካም።

ጥያቄ፦ የካቲት 12ን በ50 ቃል መጻፍ እፈልጋለሁ። የሟቾቹን ብዛት ካልጠቀስኩ ክብደቱ የሚቀንስ ይመስለኛል።

ሐዘንዎ ይገባናል፤ ቁጥሩን ግን ይተዉት። በቁጥሩ ላይ ምንጮች አይስማሙም፣ የትኛውንም ቢጽፉ ዳኛው ስለ ቁጥሩ ማሰብ ይጀምራል። 50 ቃል የሚችለው አንድን ሰው ብቻ ነው። ግድያው ሦስት ቀን ቆይቷል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያልተከፈተ አንድ በር፣ በሩ ሥር የተቀመጠ የአንድ ልጅ ጫማ ይጻፉ። ደምም አያስፈልግም። «ሦስት ቀን» የምትለዋን ብቻ ይጠብቋት፤ ችካልዎ እርሷ ነች።

ጥያቄ፦ ውድድሩ ጭብጥ ሰጥቶናል፤ «ስሕተት» ይላል። ከጭብጡ ጋር የሚሄድ ክንውን እንዴት ልምረጥ? ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል ብዬ እሰጋለሁ።

ስጋትዎ ትክክል ነው። ጭብጡን እንዳዩ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የመጡትን ሦስት ክንውኖች ጽፈው ይሰርዟቸው፤ ሌሎቹም የሚልኩት እነርሱን ነው። ከዚያ ታላቁን ክንውን ትተው ወደዚያ ያደረሰውን ትንሽ ነገር ይፈልጉ፤ ወረቀት፣ ፊርማ፣ የዘገየ መልእክት፣ አንድ ግሥ።

አንድ ግሥ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ይላል። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል»፤ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። ወደ አድዋ የወሰደው መንገድ የተጀመረው ከዚህ ግሥ ነው። እንግዲህ ጦርነቱን ትተው መብራት ሥር የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ ይሳሉ። ብዕሩ ቀለም ጠግቧል፤ ከሁለት ግሦች አንዱን ይመርጣል። ተሳስቶ ነው ወይስ ታዝዞ? አይመልሱት። ለ100 ቃል ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ዳኛውም በዚያ ዙር ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

በበርሊን ግንብም ላይ ይኸው አካሄድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ማታ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አንድ የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣን ድንበር መሻገርን የሚፈቅደውን ደንብ ከተሰጠው ወረቀት አንብቦ፣ ደንቡ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ሲጠየቅ «ወዲያውኑ» አለ። ሕዝቡ ወደ ግንቡ የጎረፈው ይህን ሰምቶ ነው። መዶሻውን ሌሎች ይጻፉት፤ እርስዎ ወረቀቱን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ያረጀ አማርኛ ብጠቀም ዘመኑን ያሳያል?

በአንድ ወይም በሁለት ቃል፣ አዎን። ሙሉ ጽሑፉን በጥንት አነጋገር ከጻፉት አንባቢው የሚለፋው ከቋንቋው ጋር ይሆናል። ተራኪው በዛሬ አማርኛ ይናገር፤ ገፀ ባሕርይው ሲናገር ብቻ አንዲት የዘመኑ ቃል ትግባ፣ ትርጉሟም ከድርጊቱ ይታወቅ።

ጥያቄ፦ ርዕሱ ላይ ዓመቱን መጻፍ ይሻላል?

ርዕሱ በማይቆጠርበት ውድድር ላይ፣ አዎን፤ መቼቱን በሙሉ በነፃ ይሸከምልዎታል። «ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25» ብለው ከጻፉ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከብዕሩ ሊጀምር ይችላል። ርዕሱ የሚቆጠር ከሆነ ግን ዓመቱን ወይ እዚያ ወይ ጽሑፉ ውስጥ ያድርጉት፤ ሁለቱም ቦታ ደግመው ያስቀመጡት እንደሆነ ከላይ ያለውን ይሰርዙ።